ሸራን በዕድሜው የሚቀብሩ

«ስንት ዓመቱ ነው?»

አሮጌ የጀልባ ሸራ ይዞ ምክር የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ ይህ ነው። አጠገቡ ጀልባ ያሰረው ጎረቤት ይጠይቀዋል፣ ሸራ ሻጩ በስልክ ይጠይቀዋል፣ በሕይወቱ ሸራ ነክቶ የማያውቅ የአክስቱ ልጅ ሳይቀር ይጠይቀዋል። መልሱ ከ10 ዓመት በላይ ከሆነ ፍርዱ እዚያው ይሰጣል፤ ጣለው፣ አዲስ ግዛ። ማስረጃ አልቀረበም፣ ሸራው ከከረጢቱ እንኳን አልወጣም። ይህ አሠራር ስንፍና ነው። ስንፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ባልጻፍኩ። ሰው ገንዘቡን ያጣበታል። አንዳንዴም ገና አዲስ ነው ተብሎ ያመነው ሸራ መመለስ በማይችልበት ቦታ ላይ ይከዳዋል።

«ሐበሻንና የጀልባ ሸራን ምን አገናኛቸው?» ለሚል አንባቢ፦ ሲያትል አገናኘቻቸው። ከተማዋ በአንድ ጎኗ ፒዩጀት ሳውንድ፣ በሌላው ጎኗ ዋሽንግተን ሐይቅ ያለባት ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ሁለት ጓደኞቼ ተዋጥተን በ1978 የተሠራች (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) ባለ 27 ጫማ ካታሊና ገዛን። ዋጋዋ 5,500 ዶላር ነበር፤ ለሦስት ሲካፈል እዚህ አገር ለአንድ ደህና ሶፋ የሚከፈል ነው። ካታሊና 27 በጀልባው ዓለም እንደ አዲስ አበባ ቮልስ ናት። ከ1971 ጀምሮ ከ6 ሺህ በላይ ተሠርታለች፣ መለዋወጫዋ አይጠፋም፣ ማንም አይቀናባትም። ከሦስታችን አንዱ ያደገው ባሕር ዳር ነው፤ ከተማዋን ማለቴ ነው። እሱም ቢሆን ሸራ አያውቅም ነበር።

ከጀልባዋ ጋር ሁለት ሸራ መጣ። ዋናው፣ ማለትም ምሰሶው ላይ የሚሰቀለው፣ በ2009 የተሰፋ ነው። የፊተኛው ደግሞ በ2016። አንድ ሸራ ሠሪ ድርጅት ጋ ደወልን። የጀልባዋን ዓይነትና የሸራዎቹን ዓመት ጠየቀንና ምንም ሳያይ ሁለቱንም ቀይሩ አለን፤ ዋናው 2,100 ዶላር፣ የፊተኛው 1,900፣ በድምሩ 4,000። ዋጋውን አልከስም፤ የገበያ ዋጋ ነው። የምከሰው ሳያይ መፍረዱን ነው። ሐኪም በስልክ ዕድሜህን ጠይቆ «ኩላሊትህ ይቀየር» ቢልህ ምን ትለዋለህ?

4,000 ዶላር ለሦስት ቢካፈልም ለሁላችንም እኩል አይከብድም። ከሦስታችን አንዱ በየወሩ ለእናቱ ይልካል፣ ታናሽ እህቱን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ቁጥሩን ሲሰማ ምንም አላለም፤ በማግስቱ ግን «የእኔን ድርሻ ግዙኝ» የሚል መልእክት ላከ። ስለዚህ ነገሩ የጨርቅ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በአንድ የስልክ ግምት ሦስት ሰው ሁለት ሊሆን ነበር።

እስቲ መጀመሪያ ሸራ ምን እንደሆነ እንነጋገር። ዛሬ አብዛኛው የመዝናኛ ጀልባ ሸራ ፖሊስተር ነው። ፖሊስተሩን በ1941 ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች እንግሊዝ አገር ፈለሰፉት፤ ዱፖንት አሜሪካ ውስጥ ዳክሮን ብሎ ሸጠው፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ጥጥን ከጀልባ ላይ አባረረው። ጥጥ ርጥበት ላይ ከቆየ ይበሰብሳል፣ በረጠበ ቁጥር ቅርጹ ይለዋወጣል። ዳክሮን ይህ ጣጣ የለበትም።

የቀረውን ለመረዳት ምህንድስና መማር አያስፈልግም፤ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ቤት ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ይበቃዋል። ድር አለ፣ ማግ አለ። ጋቢህን በድሩ አቅጣጫ ሳበው፣ እምብዛም አይለጠጥም። በማጉ አቅጣጫ ሳበው፣ ያው ነው። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ስትስበው ግን እንደ ላስቲክ ይሄዳል። የሸራ ጨርቅ ሠሪዎች ትልቁ ጠላታቸው ይህ ሰያፍ ነው። እሱን ለመግታት ክሩን እጅግ አጥብቀው ይሸምኑታል፣ በሙቀት ያኮማትሩታል፣ ከዚያ ሙጫ ያጠጡታል። አዲስ ሸራ እንደ ወፍራም ወረቀት የሚንኮሻኮሸው በሙጫው የተነሳ ነው። ሸራው በታጠፈ ቁጥር፣ በተለይ ደግሞ ነፋስ ላይ ያለ ሥራ በተራገበ ቁጥር፣ ሙጫው ይሰነጣጠቃል፣ ሰያፉ ይለቃል።

ከዚህ በኋላ ሁለት የተለያዩ ሞቶች አሉ፤ «ስንት ዓመቱ ነው» ባዮች አንድ መቃብር ውስጥ ይከቷቸዋል።

የመጀመሪያው የክር ሞት ነው። ሸራ የሚሰፋው ከብዙ ቁራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ ነው። የዳክሮን ጨርቅ ደረቅ ስለሆነ የስፌቱ ክር ጨርቁ ውስጥ ሰምጦ አይደበቅም፤ ላዩ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ፀሐይ የምትመታው እሱን ነው፣ ከገመድና ከብረት ጋር የሚፋተገውም እሱ ነው። ስለዚህ ጨርቁ ገና ብዙ ዓመት እያለው ክሩ ቀድሞት ይሞታል። ለምርመራው የሚያስፈልገው መሣሪያ አውራ ጣት ብቻ ነው። ጥፍርህን ስፌቱ ላይ ጫን አድርገህ ጎትት፤ ክሩ ብጥስ ብጥስ ካለ ሞቷል ማለት ነው። መድኃኒቱም ያን ያህል አይከብድም፤ በነበረው መስመር ላይ በዚግዛግ ደግሞ መስፋት ነው። የባሰበት ደግሞ ከቴፍሎን ዘር የተሠራ፣ ፀሐይ የማይበላው ክር ይገዛል፤ ውድ ነው፣ ግን ከጨርቁ በላይ ይኖራል።

ሁለተኛው የጨርቅ ሞት ነው፤ ለዚህ መድኃኒት የለውም። የፀሐይ ጨረር ፖሊስተሩን ከውስጥ ይበጣጥሰዋል። ፀሐይ አብዝታ የምታገኘውን ቦታ፣ ብዙ ጊዜ የኋላ ጠርዙን ወይም የላይ ጫፉን፣ ምረጥና መርፌ ውጋበት፤ ቀዳዳውን በሁለት እጅህ ይዘህ ለመቅደድ ሞክር። ጤነኛ ጨርቅ እምቢ ይላል። የሞተ ጨርቅ እንደ ጋዜጣ ይቀደዳል።

ሌላም አለ፤ እሱን ሞት አልለውም፣ እርጅና ነው፤ ሆድ ማውጣት። ሸራ ጠፍጣፋ ጨርቅ አይደለም፤ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ጎበጥ ተደርጎ ተለክቶ የተሰፋ ነው። ሰያፉ ሲለቅ ጉብጠቱ ይጨምራል፣ ከዚያም ወደ ኋላ ይሸሻል። የሸራ ጉልበት ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ጎን ይከፈላል። ሆዱ ወደ ኋላ በሸሸ መጠን የጎኑ ድርሻ ይበዛል። ጀልባዋ መሄዱን ትታ ታጋድላለች፣ መሪው ይከብዳል፣ ነፋሱን ተቃርነህ ዚግዛግ ስትሠራ አንድ ሰዓት ለፍተህ ያንኑ የመብራት ማማ ፊት ለፊትህ ታገኘዋለህ።

ይህንንም መለካት ይቻላል፤ መለካት መቻሉ ነው የሚያናድደኝ። ሸራው ላይ ባለቀለም ቴፕ አግድም ትለጥፋለህ፣ ነፋስ ሲሞላው ታችኛው ጠርዝ መሃል ላይ ተንጋልለህ ወደ ላይ በስልክህ ፎቶ ታነሳለህ። ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ቀጥ ያለ መስመር ታሰምርና የሆዱን ጥልቀት ለመስመሩ ርዝመት ታካፍላለህ። ለእኔ ሃያ ደቂቃ የፈጀ ሥራ ነው፤ በወረቀትና በማስመሪያም ይሆናል። አዲስ ዋና ሸራ ከ10 እስከ 12 በመቶ አካባቢ ጥልቀት ይኖረዋል፤ ሆዱም ከመሃል ብዙም አያልፍም።

ውጤታችን እነሆ። የ2009ኙ ዋና ሸራ፦ ስፌቱ በጥፍር ተበጣጠሰ፣ ከዘንጎቹ ኪስ ሁለቱ ተተርትረዋል። ጨርቁን በመርፌ ወግተን ስንጎትተው ግን ንቅንቅ አላለም። ጥልቀቱ 13 በመቶ፣ ሆዱ ከፊት ጠርዝ 45 በመቶ ላይ። የ2016ቱ የፊት ሸራ፦ ስፌቱ ደህና፣ መልኩ ነጭ፣ ንጹሕ። መርፌው የገባበት ቦታ እስከ ክንዴ ድረስ ተተረተረ። ጥልቀቱ 18 በመቶ።

ልብ በሉ፤ ሰባት ዓመት የሚያንሰው ነው የሞተው።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። የመጀመሪያው ባለቤት አዛውንት ነበሩ፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ዋናውን ሸራ ሸፍነው ነው ወደ ቤት የሚሄዱት። ከእሳቸው የገዛው ሰው የሰነፍ ጀልበኛ ልማድ ነበረበት፤ ዋናውን መስቀል ስለሚታክተው በፊተኛው ሸራ ብቻ ይንሸራሸራል። የፊተኛው ሸራ ሥራ ሲፈታ በራሱ ገመድ ላይ ይጠቀለላል፤ ውጭ የሚቀረውን ጠርዙን ከፀሐይ የሚከልል ወፍራም መሸፈኛ ጨርቅ አለው። ያ መሸፈኛ ተበላ፤ ሰውየው አልቀየረውም። ሸራው በጋ ከክረምት እዚያው ላይ ተጠቅልሎ ፀሐይ ሲጠጣ ኖረ። ዋናው በበኩሉ መሸፈኛው ሥር ርጥበት ይዞ ስለተቀመጠ ጥቁር ሻጋታ ነጠብጣብ አወጣ። ያየው ሁሉ አፍንጫውን የሚይዘው በእሱ ነው። የዳክሮን ሻጋታ ግን ነውሩ ለዓይን ነው፤ ፖሊስተር ለሻጋታ ምግብ አይሆነውም፣ ጉልበቱም አይቀንስም። ዓመት ዋሸን፣ ዓይንም ዋሸን፤ መርፌው ብቻ እውነቱን ተናገረ።

ሁለተኛዋ ሸራ ሰፊ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ሸራዎቹን ሰፊ የእንጨት ወለል ላይ ዘረጉና በካልሲ ላያቸው ላይ እየሄዱ፣ አንዳንዴም እየተንበረከኩ፣ አርባ ደቂቃ ያህል አዩዋቸው። ለዋናው 480 ዶላር፤ ስፌቱ በሙሉ ይደገማል፣ ኪሶቹ ይቀየራሉ። ለፊተኛው መሸፈኛውን ለመቀየር 650 ዶላር ልጠይቃችሁ እችላለሁ፣ ግን ገንዘባችሁን አልወስድም አሉ።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራው። ደግሞ የተሰፋው ዋና ሸራ አምስት የበጋ ወቅት ቢያገለግለን፣ 480 ለ5 ሲካፈል በወቅት 96 ዶላር ነው። አዲሱ 2,100 አሥራ ሁለት ወቅት ቢቆይ 175። የፊተኛውን 650 ከፍለን አንድ ወቅት ቢያስኬደን፣ ያም ከዕድል ጋር፣ አንዱ ወቅት 650 ዶላር ወጣበት ማለት ነው፤ አዲሱ 1,900 ለአሥር ወቅት 190። ግምት ነው አይደል? አዎ፣ ግምት ነው። አምስቱን ሦስት አድርገው፤ አሁንም መስፋቱ ይረክሳል። አሥሩን ስድስት አድርገው፤ አሁንም የፊተኛውን መጠገን ያከስራል። አንድ ጀልባ፣ አንድ ባለቤት፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ። የስልኩ ፍርድ ሁለቱን ያስጥለን ነበር። «ሁሉም ይጠገናል» የሚለው ሁለቱን ያሰፋን ነበር።

ማሪናው ላይ ሌላ የተከበረ ጥበብ አለ፤ «5,500 ዶላር በምታወጣ ጀልባ ላይ የ1,900 ዶላር ሸራ? ዕብደት ነው»። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ጀልባቸው ከማሰሪያዋ የማትፈታ ሰዎች ናቸው። የጀልባዋ የሽያጭ ዋጋ ለሸራው ጉዳይ ምኑም አይደለም። ላዳ ታክሲ ያለው ሰው ፍሬን ሲቀይር የመኪናዬ ዋጋ ስንት ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ቁልቁለቱን ነው የሚያስበው። የእኛ ቁልቁለት ፒዩጀት ሳውንድ ነው። ውሃው በጋም ቀዝቃዛ ነው። ከመቶ ሜትር በላይ የሚረዝሙ መኪና ጫኝ ፌሪዎች በሰዓታቸው ይመላለሱበታል፣ የጭነት መርከቦች የራሳቸው መስመር አላቸው። ሞተራችን ደግሞ የጀልባዋ ታናሽ ወንድም ነው፣ ሲፈልግ ይነሳል። እሱ እምቢ ባለ ቀን ነፋስን ተቃርኖ የሚያወጣህ ሸራ ከሌለህ ነፋሱ ወደሚወስድህ ዳርቻ መሄድ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ወገኖቼ ልዙር፤ ምክንያቱም የባሕር ዳሩ ጓደኛዬ የሞተውን ሸራ «እንስፋው» ብሎ ሁለት ሳምንት ሞግቶኛል። ክርክሩ የታወቀ ነው፤ እኛ አገር ነገር አይጣልም፣ ምናለሽ ተራ የማይጠገን የለም፣ ፈረንጅ ነው ጥሎ የሚገዛው። ይህን ወሬ ስደት ላይ ያለን ሰዎች እንወደዋለን። ደሃ አገራችንን ጥበበኛ አድርጎ ስለሚያሳየን ነው የምንወደው። ነገር ግን ምናለሽ ተራ ውስጥ በርሜል ተቆርጦ ምድጃ የሚሆነው ቆርቆሮው ውድ፣ የሰውየው ጉልበት ደግሞ ርካሽ ስለሆነ ነው። ሲያትል ውስጥ የሰፊዋ ሰዓት ውድ ነው፣ ጨርቁ በአንጻሩ ርካሽ ነው፤ ብዙው አዲስ ሸራም እስያ ተሰፍቶ ነው የሚመጣው። የዋጋው ሚዛን ሲገለበጥ መልሱም ይገለበጣል። ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ አይደለም።

እንዲያውም ለጓደኛዬ የነገርኩት የራሱን ሐይቅ ነው። ጣና ላይ ወይጦዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፤ ወራት አገልግሎ ሲያበቃ ማንም ቁጭ ብሎ አይጠግነውም። ይጣላል፣ ሌላ ይታሰራል፤ ደንገሉ እዚያው ዳርቻው ላይ ስለሚበቅል። የአገራችን አንጋፋ የጀልባ ሙያ «ጥሎ መተካት» ነው እንግዲህ። ፈረንጅ አላስተማራቸውም። (ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ሳቀ፣ ግን አልተረታም፤ ታንኳ ሸራ የለውም አለኝ። እውነቱን ነው።)

ደግሞም የሞተ ጨርቅ መጣፍ ጉዳቱ ከገንዘብ ያልፋል። ወንጌል ላይ ያረጀ ልብስ በአዲስ ጨርቅ ስለመጣፍ የተነገረውን ምሳሌ ሁላችንም በመንፈሳዊ ትርጉሙ ነው የምናውቀው። ሸራ ሰፊ ቤት ገብተህ ብትጠይቅ ቃል በቃል እውነት ነው። አዲሱ እራፊ ደረቅና ጠንካራ ነው፤ ዙሪያው ያለው ያረጀ ጨርቅ ግን ይለጠጣል። ነፋስ ሲመታው ሸክሙ በሙሉ እራፊው ጠርዝ ላይ ይከማቻል፤ ቀጣዩ ቅዳድም ልክ እዚያው መስመር ላይ ይወጣል። ጤነኛ ጨርቅ ላይ እራፊ ሕክምና ነው። የሞተ ጨርቅ ላይ ግን ቀጣዩ ቅዳድ የት እንደሚጀምር ምልክት ማድረግ ነው።

በመሃል ቤት የሚገቡም አሉ። አሮጌ ሸራ አጥበው፣ አዲስ ሙጫ አጠጥተው «እንደ አዲስ» ብለው የሚመልሱ። እጥበቱን አልጠላም። ሙጫውም ሸራውን መልሶ ያንኮሻኩሸዋል፣ ደስ ይላል፣ የገዢ ጆሮ ይሸነግላል። የተለጠጠ ክር ግን በሙጫ ወደ ልኩ አይመለስም፤ ፀሐይ የበላውም ፖሊስተር አይተካም። ሆዱን በመጠኑ መቀነስ የሚቻለው በመቀስ ነው፤ ሰፊዋ የፊት ጠርዙን ፈተው ኩርባውን ቀነስ አድርገው መልሰው ይሰፉታል። ይህም የሚያዋጣው ከሥሩ ጤነኛ ጨርቅ ካለ ብቻ ነው። እጥበት የሚሸጡ ሰዎች መርፌ ሲወጉ አላየሁም።

ይህ በሽታ ከእኔ ሙያ ስለመጣ ይሆናል የማውቀው። በሶፍትዌር ቤት ወጣት ኢንጂነር አዲስ ሥራ ሲጀምር በሁለተኛው ሳምንት የሚናገረው ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ይህ ኮድ አሮጌ ነው፣ ከዜሮ እንጻፈው»። ስንት ዓመቱ ነው የሚለው ጥያቄ እዚያም አለ። የሚጠቀሰው ታሪክ የኔትስኬፕ ነው። በአንድ ወቅት ኢንተርኔት ማለት ኔትስኬፕ ነበር። የነበረውን ኮድ ጥለው ከዜሮ ጻፉ፤ አምስተኛው እትም ጭራሽ ሳይወጣ ቀረ፣ ስድስተኛው በ2000 መጨረሻ ሲመጣ ገበያውን ማይክሮሶፍት ወስዶት ነበር። ጆኤል ስፖልስኪ በዚያው ዓመት ይህን ከማይሠሩ ስሕተቶች ሁሉ የከፋ ብሎ ጻፈበት፤ ጽሑፉ ለእኛ ትውልድ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃል የሚያዝ ሆነ። የሚረሳው ግን ከዚያው ከዜሮ ከተጻፈው ኮድ በ2004 ፋየርፎክስ መወለዱ ነው። ታዲያ የቱ ልክ ነበር? ዓመት ቆጥሮ የሚመልሰው ሰው የለም። ኮዱን ከፍቶ ማንበብ ነው፤ የትኛው ክር ነው፣ የትኛው ጨርቅ ነው ብሎ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ስለ እሱ ማውራት ደስ አይለንም። «ስንት ዓመቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሐበሻ አፍ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሐፍረት አለ። ያገለገለ ነገር ድህነት ይሸታል። ሰልባጅ ለብሶ ያደገ ልጅ አሜሪካ ሲገባ የመጀመሪያ መሐላው አዲስ ብቻ ነው የምገዛው የሚል ነው፤ እኔም ይህን መሐላ አከብረዋለሁ። ግን ሰልባጅ የሚለው ቃል ራሱ ከየት እንደመጣ ማን ያስባል? የመርከበኞች ቃል ነው። ሳልቬጅ ማለት ከሰጠመ ወይም ከተቃጠለ መርከብ ንብረትን ማዳን፣ ለአዳኙም የሚከፈለው ዋጋ ነው። ከባሕር የዳነ ዕቃ ማለት ነው እንግዲህ። እኛ ጋ ሲደርስ የሰው ትራፊ ሆነ።

የሰው ትራፊ ካልን ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ዋና መርከብም ትራፊ ነበረች። «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ በ1962 ወደ ምጽዋ ከመሄዷ በፊት ኦርካ የምትባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች፤ የባሕር አውሮፕላኖችን ለመደገፍ የተሠራች። ወደ ውሃ የወረደችው በ1942 ነው። የት? እዚሁ፣ ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ፣ ዛሬ ከርክላንድ ውስጥ ካሪሎን ፖይንት በሚባለው ቦታ በነበረው የመርከብ መሥሪያ። ከባላርድ የውሃ በሮች አልፈን ወደ ሐይቁ በገባን ቁጥር በፊቱ እናልፋለን፤ አሁን ሆቴልና ምግብ ቤት ነው። አሜሪካኖቹ ከ1944 ጀምሮ በየመሃሉ እያቆሙ ተገለገሉባት፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ሃያ ዘጠኝ ዓመት። ብዙ መኮንን የሠለጠነው በእሷ ላይ ነው። በ1991 ደርግ ሲወድቅ የመን ገባች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የወሰዳት ሰው በ1962 «ስንት ዓመቷ ነው? ሃያ? ተዉት» ብሎ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ታሪክ አይኖርም። የባሕር ዳሩ ጓደኛዬ ይህንን ታሪክ ለእሱ ወገን ማስረጃ አድርጎ ወስዶታል። ግድ የለም። መርከብ ያለ ምርመራ ከአገር አገር አይተላለፍም፤ ከውሃ ወጥቶ ሆዱ ይታያል፣ ብረቱ ይመታል፣ ድምፁ ይሰማል። ለሸራ የምጠይቀው ያንኑ ነው።

ሸራ ሻጭ ሆነህ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ያላየኸውን ሸራ አትፍረድበት። «አምጡት፣ ልየው» በል፤ ለማየትህ ዋጋ ጠይቅ፣ እንከፍላለን። ገዢ ከሆንክ ደግሞ በስልክ ዋጋ አትቀበል፤ ሸራህን ሣር ላይ ዘርጋና ጥፍርህንና መርፌህን ይዘህ ተንበርከክ። ጀልባ ልትገዛ ስትሄድ «የ2016 ሸራ አላት» ሲሉህ ዓመቱን ትተህ መሸፈኛ ጨርቁን አሳዩኝ በል።

እኛ ዋናውን አሰፋነው። የፊተኛውን አዲስ አዘዝን፤ መሸፈኛው በየስንት ጊዜው እንደሚቀየር ወረቀት ላይ ጽፈን ሦስታችንም ፈርመናል። በድምሩ 2,380 ዶላር ወጣ፤ ከመጀመሪያው የስልክ ፍርድ በ1,620 ያንሳል፣ ለአንድ ሰው 540 ማለት ነው። ድርሻዬን ግዙኝ ያለው ጓደኛችን አልወጣም፤ ባለፈው ነሐሴ መሪውን ይዞ ከባላርድ እስከ ባይንብሪጅ ደሴት ነፋሱን ተቃርኖ አድርሶናል፤ ዋናው ሸራ ከነሻጋታው።

የሞተው የፊት ሸራ ደግሞ ለቡሄ የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ ዳስ ሆኖ ተወጠረ። ሕፃናቱ ሥሩ ሲጨፍሩ አንድ አባት ቀና ብለው አዩትና «ይህ ደህና ጨርቅ ነው፣ ለብዙ ዓመት ይሆነናል» አሉኝ። መርፌ አውጥቼ ላሳያቸው አሰብኩና ተውኩት። ሁለት ክረምት ቢያልፍ ይገርመኛል።